ከኮሎሎ ሃይስኩል ለምትገቡ ልጆች

ይህን የምጽፈው ጁባ ውስጥ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳችሁ ሃይስኩል ለምትገቡ የአበሻ ልጆች ነው፤ ኮሎሎ፣ ቶምፒንግ፣ ሀይ ማላካልና አትላባራ ለምትኖሩ። ወላጆቻችሁ ሆቴል፣ ሱቅ ወይም ጋራዥ አላቸው፤ አለዚያም ተቀጥረው ይሠራሉ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ የጁባ ዓረብኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ትናገራላችሁ። አዲስ አበባ ያለ እኩያችሁ ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ሲያልፍ መንገዱ የታወቀ ነው። እናንተ ግን የሁለትና የሦስት አገር መንገድ ፊታችሁ ተዘርግቷል። ስለዚህ ምክሬ የሚጀምረው ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን ሳይሆን ከመጨረሻው ፈተና ነው።

ምን እንደምትፈተኑ አስቀድማችሁ እወቁ

የትምህርት ቤት ምርጫ ሲነሳ ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁት ክፍያውን ነው፤ ቀጥሎ ርቀቱን። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ከሁለቱም በፊት ግን መጠየቅ ያለበት “ይህ ትምህርት ቤት በመጨረሻ የሚያስፈትነው የየትኛውን አገር ፈተና ነው?” የሚለው ነው። ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ ይህን ጥያቄ እናንተው ራሳችሁ ጠይቁ፤ አባትና እናት እስኪጠይቁላችሁ አትጠብቁ።

በደቡብ ሱዳን ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃው ስምንት ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃው ከሲኒየር ዋን እስከ ሲኒየር ፎር አራት ዓመት ነው። የስምንተኛ ክፍሉን ብሔራዊ ፈተና አልፋችሁ ትገባላችሁ፤ ሲኒየር ፎር ላይ የሰርተፊኬት ፈተና ትወስዳላችሁ። ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ በነፃ እንዲሰጥ አውጀዋል። የውጭ ዜጋ ልጅ ምን ይከፍላል የሚለውን ግን እዚያው ሬጅስትራር ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የሰፈር ወሬ ይዛችሁ አትወስኑ።

በኢትዮጵያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ አራት ዓመት ነው። 11ኛ ላይ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ይመረጣል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ዕጣ የሚወሰነው 12ኛ ላይ በሚሰጠው አንድ ፈተና ነው። ካምፓላ ሄዶ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባትም አለ። የኡጋንዳው አራት ዓመት ኦ ሌቭል፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ኤ ሌቭል ነው፤ ድምሩ ስድስት ዓመት። እ.ኤ.አ. በ2020 በጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኦ ሌቭል ላይ በትምህርት ቤት የሚሠራው ሥራ ከመጨረሻው ውጤት 20 ከመቶ ይይዛል፤ እዚያ የምትሄዱ ከሆነ “ፈተናው ሲደርስ አጠናለሁ” ማለት አይሠራም። ካምብሪጅን የሚከተሉ የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ውድ ናቸው፤ አቅሙ ያለው ቤተሰብ ይሞክራቸው።

ልጅን የሚጎዳው ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ሳይሆን መሀል ላይ መዝለል ነው። የጁባ የትምህርት ዘመን በአብዛኛው በፌብሩዋሪ አካባቢ ተጀምሮ በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል። የኢትዮጵያው ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። ሲኒየር ቱን በዲሴምበር የጨረሰች ልጅ አዲስ አበባ ስትደርስ ጓደኞቿ የዓመቱን ግማሽ ሊጨርሱ ተቃርበዋል። ወይ ክፍል ዝቅ ብላ ትገባለች፣ ወይ እስከ መስከረም ቤት ትቀመጣለች። በዚያ ላይ የአማርኛ ትምህርት አለ። ቤት ውስጥ አቀላጥፋ የምታወራ ልጅ ድርሰት ጻፊ ስትባል እጇ ይያዛል፤ ፊደሉን በደንብ አልለመደችውማ።

ስለዚህ ፈርጠም ብዬ የምመክረው ይህን ነው። ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ሐሳብ ካለ መሄድ አሁን ነው፤ 9ኛ ላይ። አያት ወይም አክስት ጋ የሚያስቀምጣችሁ አስተማማኝ ቤት ከሌለ ደግሞ እዚሁ ሲኒየር ፎርን ጨርሱ፤ የዩኒቨርሲቲውን ጉዳይ ያኔ በሰርተፊኬቱ ትነጋገራላችሁ። “እስኪ ሁለት ዓመት እዚህ ይማርና እናያለን” የሚለው አማካይ መንገድ ሲታይ ምቹ ይመስላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ልጁ ነው። ይህን ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። “እማዬ፣ አባዬ፣ አራት ዓመት የት እንደምማር አሁን እንወስን” ማለት ድፍረት አይደለም።

የኢትዮጵያው መንገድ ቀላል ነው ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትመኑት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለማስቆም ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩም ዓመት ቁጥሩ ብዙ ፈቅ አላለም። ኩረጃው ሲቆም የታየው ባዶ ቦታ 12ኛ ላይ የተፈጠረ አይደለም፤ 9ኛ ላይ “በኋላ ይገባኛል” ተብሎ የታለፈው ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው።

ወረቀታችሁን አሁን አስተካክሉ

ሁለተኛው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ግን ስንት ልጅ ያስለቀሰ ነው። የልደት ማስረጃችሁን፣ ፓስፖርታችሁን፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤታችሁንና ሪፖርት ካርዳችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፤ አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ፊደል ተደግሞ፣ ሌላው ላይ ተውጦ ይገኛል። አንዱ የአያትን ስም ይጨምራል፣ ሌላው በአባት ስም ያቆማል። ሁሉም ፓስፖርቱን እንዲከተሉ አድርጉ። የሲኒየር ፎር ሰርተፊኬት ላይ ከሰፈረ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው፤ አሁን ሲመዘገቡ ማስተካከል ግን የአንድ ቀን ጉዳይ ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ነሐሴ 12 ቀን 2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 18 ቀን 2011 ነው የተወለደው። የጁባውን ፎርም በችኮላ የሞላ ሰው “2003” ብሎ ካሰፈረው ስምንት ዓመት አስረጅቶታል ማለት ነው። ፎርሙን ራሳችሁ ሙሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ያንብበው።

የውጤት ወረቀት ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ የተለመደው መንገድ በደቡብ ሱዳን ትምህርት ሚኒስቴር አስረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው ማኅተም አስመትቶ፣ ከዚያ ጁባ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማስጸደቅ ነው። ከትምህርት ቤታችሁ መልቀቂያም ተቀበሉ። ይህን ሁሉ አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ አዲስ አበባ ሆኖ የጁባን ማኅተም መፈለግ ለዘመድም ለእናንተም ጭንቅ ነው። እዚህ ለምትቀሩ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ መቼ እንደሚያበቃ ከአባታችሁ ጠይቁና ቀኑን ጻፉት። ሁሉንም ሰነድ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለእናታችሁም ላኩላት።

እስኪከፈት ባሉት ሳምንታት

ዕረፍቱን ሁሉ ጥናት አድርጉት አልልም። ተኙ፣ ተጫወቱ፣ ዘመድ ጠይቁ። በቀን አንድ ሰዓት ግን ለሁለት ነገር ስጡ፤ ለእንግሊዝኛ ንባብና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ። ሌላው ትምህርት ይደርሳል። ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ሒሳብ ስል ቀመር መሸምደድ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ዓይነቷን ነገር ያለ ማሽን መሥራት ከቻላችሁ በቂ ናችሁ፦ ከኮሎሎ ኮኞ ኮኞ ገበያ 5 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ ቦዳው በ15 ደቂቃ አደረሳችሁ። በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? 15 ደቂቃ የሰዓት ሩብ ነው፤ 5ን በሩብ ስታካፍሉት 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣል። አሁን በሰከንድ ስንት ሜትር ነው? 5,000 ሜትር ለ900 ሰከንድ፤ 5.6 ሜትር ገደማ። በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ ክፍልፋይ አለ፣ የአሃድ መለወጥ አለ፣ ማጠጋጋት አለ፤ የሲኒየር ዋን ፊዚክስ የመጀመሪያው ምዕራፍም እዚህ ውስጥ አለ። በሩብ ማካፈል ላይ ከቆማችሁ መጠገን ያለበት እሱ ነው። ወደ አምስተኛ ክፍል መጽሐፍ መመለስ ቢያስፈልግም ተመለሱ፤ አያሳፍርም።

ለእንግሊዝኛ የምትወዱትን አንብቡ፤ ስፖርት ይሁን ታሪክ። የማታውቁትን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ አታሳድዱ፤ ከገጹ ሦስት ቃል ምረጡና በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው። አማርኛችሁንም አትተዉት። በሳምንት አንድ ቀን ለአያታችሁ ወይም ለአክስታችሁ በአማርኛ ረዘም ያለ መልእክት በፊደል ጻፉ፤ ድምፅ ቀርጻችሁ መላክ አይቆጠርም።

አዲስ አበባ ካለ አስጠኚ ጋር በስልክ የምታጠኑ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ጁባ 12 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትይዙ የየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሆነ ጥሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ከፊት ወይም ከመሀል ተቀመጡ። ለየትምህርቱ የተለየ ደብተር ያዙ፤ አንድ ወፍራም ደብተር ውስጥ ሁሉን መጻፍ ገንዘብ የቆጠበ ይመስላል፣ ለፈተና ሲጠና ግን ምኑም አይገኝ። የመምህራኑን ስም በቃል ያዙ። በተለይ ሒሳብ መምህራችሁ እናንተን በስም እስኪያውቃችሁ ድረስ በሳምንት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ጥያቄው ትልቅ መሆን የለበትም፤ “ቲቸር፣ ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው እንዴት እንዳለፉ አልገባኝም” በቂ ነው። ይህን የለመደ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ የት እንደሚደርስ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ማታ ማታ የሰፈር ልጆችን ሳስጠና ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየኝ።

አንዳንድ ክፍል ውስጥ ተማሪው ብዙ፣ መጽሐፉ ጥቂት ነው። መምህሩ ሰሌዳ ሞልቶ ይጽፋል፣ ልጆች ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። ያ የተገለበጠው ነገር ገና ትምህርት አልሆነም። እንዲሆን የሚከተለውን አድርጉ፤ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሳችሁ፣ ምሳ በልታችሁ አረፍ እንዳላችሁ፣ የቀኑን ደብተር ከመግለጣችሁ በፊት ባዶ ወረቀት አውጡ። ባዮሎጂ ተምራችሁ ከሆነ ርዕሱን ጻፉና የምታስታውሱትን በራሳችሁ አነጋገር ዘርዝሩ። ሴል ነበር እንበል፤ ኒውክለስ ምን ይሠራል፣ የዕፅዋት ሴል ከእንስሳ ሴል በምን ይለያል። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ሲያልቅባችሁ ደብተሩን ግለጡና የረሳችሁትን በሌላ ቀለም ጨምሩ። የሴል ግድግዳን ረስታችሁ ነበር? በቀይ ይግባ። ፈተና ሲደርስ የምታጠኑት ያንን ቀዩን ነው፤ ጥቁሩን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት የሳምንቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ደብተርን ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን እንዲመስለን ያደርጋል፤ ሳያዩ መጻፍ ግን የምናውቀውንና የማናውቀውን ይለያል።

ሒሳብ ላይ ደግሞ መምህሩ የሠራውን ምሳሌ መልሱን ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ከጓደኛ የተገለበጠ የቤት ሥራ እናንተን ካለመሥራት በላይ ይጎዳል፤ መምህሩ የገባችሁ መስሎት ያልፋል።

ሱቁና ሆቴሉ

አሁን ብዙዎቻችሁን ወደሚነካው ጉዳይ ልምጣ። ጁባ ላይ ቤተሰቦቻችሁ ያቆሙት ንግድ በላብ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013ም በ2016ም ጦርነት ሲነሣ ሁሉን ጥለው ወጥተው ከዜሮ የጀመሩ አሉ። ልጅ ማገዝ አለበት፤ ይህን አልቃወምም። እንዲያውም ካሸር ላይ የቆመ ልጅ ሒሳብ ይፈጥናል፣ ሰው ማናገር ይችላል። ችግሩ ማገዙ ወሰን ሲያጣ ነው። “ለአንድ አፍታ ሱቁን ያዝልኝ” የተባለው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይዘልቃል፤ ነጋ ሲባል ልጁ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ሁለተኛው ወጥመድ ገንዘቡ ነው። በ15 ዓመቱ በቀን የሚቆጥረው ብር የመምህሩን ደመወዝ ሲያስንቅበት “ትምህርት ምን ያደርግልኛል?” ማለት ይጀምራል።

መፍትሔው ማመፅ አይደለም፤ ሰዓት መቁረጥ ነው። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ከወላጆቻችሁ ጋር እንዲህ ተነጋገሩ፦ “በሳምንቱ ቀናት ከ10 እስከ 12 ሰዓት እረዳለሁ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 3 አጠናለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ የእናንተ ነኝ፤ የፈተና ሳምንት ግን ልቀቁኝ።” ሰዓቱን እንደ ቤታችሁ ቀይሩት፤ ግን በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ በኩላችሁ ቃላችሁን ጠብቁ። በሰዓቱ ሱቅ የሚገኝ ልጅ በሰዓቱ ለጥናት ሲነሣ የሚያስቀር ወላጅ አላየሁም።

ሴት ልጆች ላይ ጫናው እጥፍ ነው። ወንድም ሲያጠና እህት ዕቃ ታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ይህን የሚያነብ ወላጅ ካለ በግልጽ ልናገር፤ ከልጅዎ በቀን የሚወሰደው ሁለት ሰዓት በዓመት ሲደመር ብዙ ወር ትምህርት ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሥራ ለወንዱም ለሴቷም ይከፈል። ወንድሞችም “የእኔ ተራ ነው” ብላችሁ ተነሡ፤ እናታችሁ እስክታዝ አትጠብቁ።

ማታ መብራት ላይ የተመሠረተ ዕቅድ አታውጡ። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ጥናቱም ከጠፋ ሳምንቱ ያልቃል። በቀን የምትሞሏት ትንሽ የሶላር መብራት ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካልሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥታችሁ በማለዳ አጥኑ። በዚያ ሰዓት ከተማውም ጸጥ ያለ ነው፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል።

ሙቀቱን አትናቁት

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ስለተፈራ የደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘግተው ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ጁባ ውስጥ ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን እየሳቱ በመውደቃቸው ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። ሁለቱም የሆኑት የትምህርት ዘመኑ ገና ሲጀመር ነው። ስለዚህ ውኃ የሞላ ኮዳ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ፤ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ ክፍል እኩለ ቀን ላይ እሳት ነው። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል ወይም ማዞር ከተሰማችሁ አትደብቁ፤ ለመምህር ተናገሩና ጥላ ፈልጉ። ድንገት ቢዘጋ ቤት ውስጥ የምትቀጥሉበት እንዲኖራችሁ የየትምህርቱን የዓመት ርዕሶች ዝርዝር በመጀመሪያው ሳምንት ከመምህራን ጠይቃችሁ ገልብጡ። ትኩሳት ከያዛችሁ ደግሞ “ሙቀቱ ነው” ብላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ የወባ ምርመራ አድርጉ።

ጓደኛ፣ ስልክ፣ መንገድ

ከአበሻ ልጆች ጋር ብቻ አትቀመጡ። ከባሪውም፣ ከዲንካውም፣ ከኑዌሩም፣ ከኡጋንዳ ከመጣውም ጋር አጥኑ፤ እንግሊዝኛችሁ የሚፈታው በዚያ ነው፣ የምትኖሩበትን አገርም የምታውቁት በዚያ ነው። ስለ ጎሣና ስለ ፖለቲካ ክርክር ሲነሣ ግን አትግቡ። ብዙ የክፍል ጓደኞቻችሁ በጦርነቱ ሰው ያጡ ናቸው፤ እናንተ እንደ ቀላል ወሬ የምታነሡት ለእነሱ ቁስል ነው።

ስልክ በጥናት ሰዓት ከክፍሉ ውጪ ይቀመጥ። የክፍላችሁ የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ የቤት ሥራ መልስ ሲለጠፍ መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩ፣ ከዚያ አስተያዩ። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ የሚያመላልሳችሁን የታወቀ ቦዳ ወይም ራክሻ ቤተሰብ ይምረጥላችሁ፤ ሳይመሽ ቤት ግቡ፤ ከተማው ውስጥ ችግር ቢነሣ ለማን እንደምትደውሉና የት እንደምትጠብቁ ከወላጆቻችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ

ስምንተኛ ክፍል ላይ 90 ያመጣ ልጅ ሲኒየር ዋን የመጀመሪያ ፈተና ላይ 55 ሊያይ ይችላል። ትምህርቱ በዝቷል፣ ጥያቄው ተቀይሯል፣ ከየትምህርት ቤቱ የተሻሉት ናቸው አንድ ክፍል የተሰበሰቡት። ወረቀቱን አትደብቁ። ሳይውል ሳያድር ቁጭ ብላችሁ የተሳሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ በሦስት ክፈሉት፦ ያላጠናሁት፣ ያጠናሁት ግን ያልገባኝ፣ የማውቀው ግን በችኮላ የሳትሁት። የመጀመሪያው ሰዓት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አስረጂ ሰው ይፈልጋል፤ ለሦስተኛው ፈተና ላይ አሥር ደቂቃ ማስተረፍ ይበቃል። የትኛው እንደሚበዛ ቁጠሩና ያንን ይዛችሁ መምህሩ ጋ ሂዱ። “ውጤቴ ዝቅ አለ” ብሎ የሚሄድ ልጅ የሚያገኘው ማጽናኛ ነው፤ “ስምንቱ ስህተቶቼ የአሃድ መለወጥ ላይ ናቸው” ብሎ የሚሄድ ግን ትምህርት ያገኛል። ማታ ወረቀቱን ለአባታችሁና ለእናታችሁ ስታሳዩ ያንኑ ዝርዝር አብራችሁ አሳዩ፤ እስከ ቀጣዩ ፈተና በየትኛው ቀን ምን እንደምትሠሩም ከሥሩ ጻፉበት።